የውጭ አገር ሽታ

[ከድንበሩ አጥር ሥር፣ ከቦዩ ዳር የቆመች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል። ውስጧ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና አንድ የተገለበጠ ባልዲ አለ። ወንበሩ የኢንጂነር ነው፤ ባልዲው የአማቹ። ኢንጂነር መሐንዲስ አይደለም፤ የቦዩ መዝጊያ ኃላፊ ነው። አንድ ጊዜ ውጭ አገር ለአጭር ሥልጠና ሄዶ ሲመለስ ሰፈሩ «ኢንጂነር» አለው፤ እሱም አልተቃወመም። አማቹ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቦዩ ላይ በተገጠመው ፍርግርግ ብረት የሚያዘውን ቆሻሻ በረጅም መንጠቆ እየጎተተ ያወጣል። ቦዩ ከዚህ አገር ተነሥቶ ወደዚያኛው አገር ይፈሳል። ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል፤ ኢንጂነር ግን እስከ ዛሬ አልተቀበለውም። ጠዋት ነው፤ ሽታው ገና ከእንቅልፉ እየተነሣ ነው።]

ኢንጂነር፦ እኔ የምልህ ሌላ ነው። ይሄ ሽታ የኛ አይደለም።

አማች፦ የኛ ያልሆነው አሁን አፍንጫዬን የመታኝ ነው ወይስ የቅድሙ?

ኢንጂነር፦ ሁለቱም።

አማች፦ በምን ይለያሉ ጋሼ?

ኢንጂነር፦ የኛ ሽታ ሰው ያከብራል። ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ በር አንኳኩቶ ነው የሚገባው ማለት ትችላለህ። ይሄ ግን ምን አደረገ? ሰላም ሳይል ጉሮሮ ውስጥ ዘው።

አማች፦ እውነትም ሰላም አላለም።

ኢንጂነር፦ የውጭ ነዋ።

አማች፦ ነፋሱ ግን ከኛ ወደ እነሱ ነው የሚነፍሰው። ያሰጡት ሸሚዝዎ እንኳ እጅጌውን ወደ ማዶ ዘርግቷል።

ኢንጂነር፦ ነፋስና ሽታ አብረው ይሄዳሉ ያለህ ማነው? ነፋሱ የኛ ነው፤ ሽታው የነሱ ነው። የኛ ሲሄድ የነሱ ይመጣል። በአንድ መንገድ ላይ ሁለት መኪና ይተላለፍ የለም እንዴ?

አማች፦ ይተላለፋል።

ኢንጂነር፦ በቃ።

አማች፦ ካልተጋጩ።

[ዛሬ እንደ ሌላው ቀን አይደለም። ከሁለቱ አገሮች የተውጣጣው የጋራ ኮሚቴ ከአጥሩ ወዲያ ድንኳን ተክሎ ተቀምጧል። የፍሳሽ ማጣሪያው ገንዳ የት ይቆፈር የሚለውን ዛሬ ይወስናል፤ መቆፈሪያው መኪናም መተላለፊያው በር ላይ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ቆሻሻው ከወዲህ ነው ከተባለ፣ ለገንዳው የሚሆን ክፍት ቦታ ያለው ከኢንጂነር አዲስ ቤት ጀርባ ነው። ኢንጂነር ቤቱን የሠራው ጥርሱን ነክሶ ነው፤ ምኞቱ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ማርጀት ነው። ስለዚህ አንድ ዘዴ ዘየደ። በሥልጠናው ያያትን የቀለም ዱቄት በጣሳ አድርጎ ዛሬ ማለዳ አማቹን ወደ ማዶ ላከው። ቀለሙ ማዶ ካለ ሽንት ቤት ተደፍቶ ቦዩ ላይ ከታየ ነገሩ አለቀ፤ ቆሻሻው የማዶ ነው። አማቹ ደግሞ በቀን ሠራተኛነት መኖር ሰልችቶታል። ይሄ ነገር ከተሳካ ቋሚ ትሆናለህ ተብሏል፤ ለእሱ ከዚህ የሚበልጥ ወሬ የለም።]

ኢንጂነር፦ እሺ፣ ወደ ቁም ነገሩ። አፈሰስከው?

አማች፦ አፍስሼዋለሁ ጋሼ። ጣሳውን ሳይቀር አለቅልቄ ደፋሁት።

ኢንጂነር፦ እንዳዘዝኩህ ነው?

አማች፦ ካሉኝ ዝንፍ አላልኩም። «የሽንት ቤት ጉድጓድ የሌለው ቤት ፈልግ። ቱቦው ቀጥታ ቦዩ ላይ የሚለቅ ቤት። እዚያ ገብተህ አፍስስ» አሉኝ። ፈለግሁ፣ አገኘሁ፣ ገባሁ፣ አፈሰስኩ።

ኢንጂነር፦ ጎበዝ።

አማች፦ ቤቱ ታዲያ የ...

ኢንጂነር፦ ቁም። ስም አትጥራ።

አማች፦ ለምን?

ኢንጂነር፦ በሥልጠናው የተማርነው የመጀመሪያው ነገር ምን መሰለህ? ሳይንስ ስም አይጠራም። እኔ የዚህ ምርመራ መሪ ነኝ። ባለቤቱን ካወቅሁት ላዝንለት እችላለሁ፤ ልጠላው እችላለሁ። ገለልተኛ መሆን አለብኝ።

አማች፦ አንዲት ነገር ብቻ ልንገርዎትና...

ኢንጂነር፦ አንድ ስም ካፍህ ቢወጣ ቋሚነቱን እርሳው።

[አማቹ ሆዱ ውስጥ የያዛት ነገር ጉሮሮው ድረስ መጥታ ነበር። መልሶ ዋጣት። ቋሚ የመሆን ነገር እንዲህ ያለ ጉልበት አለው።]

ኢንጂነር፦ ያየህ ሰው አለ?

አማች፦ አንዲት ሴት አየችኝ።

ኢንጂነር፦ [ከወንበሩ ብድግ ብሎ] ምን አለችህ? ጮኸች? ፖሊስ ጠራች?

አማች፦ ጫማህን አውልቅ አለችኝ።

ኢንጂነር፦ ምን?

አማች፦ ወለሉን ወልውላው ነበር።

ኢንጂነር፦ [እየተቀመጠ] ታያቸዋለህ እነዚህን ሰዎች? ወለላቸው ይብለጨለጫል፤ ከወለሉ ሥር የሚሄደውን ግን ለጎረቤት ይሰዱታል። አውልቀህ ገባህ?

አማች፦ ገባሁ። ካልሲዬ ቀዳዳ ስለነበር ትንሽ አፈርኩ።

ኢንጂነር፦ ከዚያስ?

አማች፦ ከዚያ «ቁርስ በልተሃል?» አለችኝ።

ኢንጂነር፦ በላሁ እንዳትለኝ ብቻ።

አማች፦ እንቁላል ነበር።

ኢንጂነር፦ ወይ አንተ ሰው። ለምርመራ ልኬህ ቁጭ ብለህ የሰው እንቁላል ትበላለህ? ሊያጠምዱህ እኮ ነው። እንቁላሉን ይሰጡሃል፤ ቀስ ብለው ስለኔ ይጠይቁሃል። አልጠየቀችህም?

አማች፦ ጠይቃኛለች።

ኢንጂነር፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ምን ብላ?

አማች፦ «ያ ሰውዬ ዛሬ ደግሞ ምን እያወራ ነው?» ብላ።

ኢንጂነር፦ [ፊቱ በራ] እንደገመትኩት። እዚያም ስሜ ይነሣል ማለት ነው። እየተከታተሉኝ ነው። አንተ ምን መለስክ?

አማች፦ «እንደ ሁልጊዜው ነው» አልኳት።

ኢንጂነር፦ ጥሩ መልስ ነው፤ ምንም አልሰጠሃትም። ቤቱስ እንዴት ያለ ነው?

አማች፦ ትልቅ ነው፤ ቪላ። በረንዳ አለው።

ኢንጂነር፦ ባለቤቱስ?

አማች፦ ሥራ ገብቶ ነበር። ፎቶው ግን ሳሎን ተሰቅሏል፤ በትልቁ።

ኢንጂነር፦ የራሱን ፎቶ በትልቁ አሠርቶ ሳሎን የሚሰቅል ሰው አይታመንም። ምን ይመስላል?

አማች፦ [ኢንጂነርን ከእግር እስከ ራሱ እያየ] ደህና ነው። ወፈር ይላል።

ኢንጂነር፦ አላልኩህም? የሰው ድርሻ የሚበላ ሰው ከሩቁ ያስታውቃል። ዓይኑስ?

አማች፦ ዓይኑ ጥሩ ነው። ሰው ይንቃል እንጂ።

ኢንጂነር፦ እንዲህ ያለውን ሰው በደንብ አውቀዋለሁ።

አማች፦ እሱስ ያውቁታል ጋሼ።

ኢንጂነር፦ ቪላ ሠርቶ ለጉድጓድ የሰሰተ። የራሱን ጉድ ለሰው ልጆች የሚልክ። ይሉኝታ ሲፈጠር እሱ ሌላ ቦታ የነበረ። እንዲህ ያለው ሰው እጄ ቢገባ ምን እንደማደርገው ታውቃለህ?

አማች፦ ኧረ ቀስ ይበሉ ጋሼ። ሚስቱ ጥሩ ሰው ናት።

ኢንጂነር፦ በእንቁላል ገዝታሃለች። በል ተወው፣ ቀለሙ እስኪመጣ ንግግሬን ልለማመድ። ማጣሪያው ሲመረቅ መናገሬ አይቀርም። [ጉሮሮውን ጠርጎ] የተከበራችሁ እንግዶች፣ ይህ ገንዳ...

አማች፦ ጋሼ፣ ማጣሪያው ግን ምን ያደርጋል?

ኢንጂነር፦ ያጣራል።

አማች፦ እንዴት አድርጎ?

ኢንጂነር፦ እንዴት መሰለህ፣ መጀመሪያ ቆሻሻው ገንዳ ውስጥ ገብቶ ያርፋል። ከባዱ ወደ ታች ይዘቅጣል። ከዚያ በዓይን የማይታዩ ትንንሽ ነፍሳት ይመጡና የቀረውን ይበሉታል።

አማች፦ ይበሉታል?

ኢንጂነር፦ ሙልጭ አድርገው። ሥራቸው እሱ ነው።

አማች፦ ቀንና ሌሊት?

ኢንጂነር፦ ቀንና ሌሊት።

አማች፦ ቋሚ ናቸው?

ኢንጂነር፦ ምን?

አማች፦ ነፍሳቱ። ቋሚ ናቸው ወይስ እንደኔ የቀን ሠራተኛ?

ኢንጂነር፦ [ለአፍታ አስቦ] ቋሚ ናቸው።

[አማቹ ይህን ሲሰማ ሆድ ባሰው። ሦስት ክረምትና ሦስት በጋ እዚያ ፍርግርግ ላይ አጎንብሶ ቆሻሻ ጎትቷል፤ በዓይን የማይታይ ነገር ቀድሞት ቋሚ ሆነ። ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ወደ ውጭ ጣቱን ቀሰረ።]

አማች፦ ጋሼ፣ መጣ። አረንጓዴ።

ኢንጂነር፦ [ተስፈንጥሮ ወጥቶ ወደ አጥሩ ማዶ እያማተረ] የታለ? ምንም አይታየኝም።

አማች፦ እዚያ አይደለም፤ እዚህ ነው። ከላይ እየመጣ ነው።

[ኢንጂነር ዞረ። ቦዩ ከወዲህ፣ ከራሳቸው ሰፈር በኩል፣ ለምለም አረንጓዴ ሆኖ ወደ ፍርግርጉ እየወረደ ነው። አፉ ለአፍታ ተከፍቶ ቀረ። የኢንጂነር አፍ ባዶውን የሚከፈተው ለአፍታ ብቻ ነው፤ ከዚያ ንግግር ይገባበታል።]

ኢንጂነር፦ የጠበቅሁት ነው።

አማች፦ ይሄንን ነው የጠበቁት?

ኢንጂነር፦ እንዴታ። ወደ ላይ ወጥቶ ነዋ።

አማች፦ ማን ነው የወጣው?

ኢንጂነር፦ የማዶው ቆሻሻ። ከዚያ ተነሣ፣ አጥሩን ተሻገረ፣ እኛ ሰፈር ድረስ ወጣ፣ ዞር ዞር ብሎ አየና አሁን ወደ አገሩ እየተመለሰ ነው።

አማች፦ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል ጋሼ?

ኢንጂነር፦ ንጹሕ ውሃ አይወጣም፤ ጨዋ ነው። ቆሻሻ ውሃ ግን ግፊት አለው።

አማች፦ ማን እየገፋው?

ኢንጂነር፦ ሽታው። ሽታ ወደ የት ነው የሚሄደው? ወደ ላይ። እየወጣ እያለ ቆሻሻውን ጎትቶት ይወጣል።

አማች፦ ጎተተው ነው ገፋው?

ኢንጂነር፦ ከፊት ይጎትታል፣ ከኋላ ይገፋል። ና ግባ፣ ላሳይህ። [ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ከቁርስ የተረፈ ዳቦና አንድ ብርጭቆ ሻይ አቀረበ] ይቺ ዳቦ የኛ አገር ናት። ሻዩ የነሱ አገር ነው። አሁን የዳቦዋን ጫፍ ብቻ ሻዩን አስነካታለሁ። ሻዩ ምን እያደረገ ነው?

አማች፦ ወደ ዳቦዋ እየወጣ ነው።

ኢንጂነር፦ ማን ፈቀደለት?

አማች፦ ማንም አልፈቀደለትም።

ኢንጂነር፦ ፓስፖርት አሳየ?

አማች፦ አላሳየም።

ኢንጂነር፦ እንግዲህ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?

አማች፦ ጋሼ፣ አገራችን ልትቆረስ ነው።

[የረጠበው ጫፍ ተቆርሶ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። አማቹ እንዳይባክን አንሥቶ ጎረሰው።]

ኢንጂነር፦ ምን አደረግህ?

አማች፦ ወድቆ ነው።

ኢንጂነር፦ ማስረጃዬን በላኸው እኮ።

አማች፦ የበላሁት ድንበሩን ብቻ ነው። መሐል አገር እንዳለ ነው።

[ስልኩ ጮኸ። ኢንጂነር ቁጥሩን አየና ኮቱን ቆለፈ፤ ደዋዩ የጋራ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። በስልክ እንደማይታይ ያውቃል፤ ቢሆንም ቆሞ ነው የሚያናግረው።]

ኢንጂነር፦ አቤት ክቡር ሰብሳቢ። ... አዎን፣ አረንጓዴ ነው። ... እናንተ ጋ ደረሰ? እንኳን ደስ ያለን። ... ከላይ ነው የመጣው? የሳይንሱ ውበት እሱ ላይ አይደል። ... በግፊት ነው ክቡር ሰብሳቢ። እዚያ ዳቦ አላችሁ? ... እሺ ይቅር። ውሃው በየት ዞረ፣ በየት ወጣ ብለን አንጨቃጨቅ፤ ዋናው ቀለሙ የተደፋው የት ነው የሚለው ነው። ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ። ቀለሙ የተደፋበት ቤት፣ በየትኛውም አገር ይሁን፣ የማንም ይሁን፣ የማጣሪያው ገንዳ እዚያው ግቢ ውስጥ ይቆፈር።

አማች፦ [እጁን እንደ ተማሪ አውጥቶ] ጋሼ...

ኢንጂነር፦ [ስልኩን በመዳፉ ከድኖ] ዝም በል፤ ታሪክ እየሠራሁ ነው።

አማች፦ ስም ሳልጠራ፣ አንዲት ነገር ብቻ...

ኢንጂነር፦ ቋሚነት።

[አማቹ እጁን አወረደ።]

ኢንጂነር፦ [ወደ ስልኩ] ይቅርታ ክቡር ሰብሳቢ። ... አዎ፣ ይግባኝ የለውም። ... የባለቤቱ ፈቃድ? ቆሻሻውን ሲልክብን ፈቃድ ጠይቆናል? በገዛ እጁ እንደሰጠ ይቆጠር። እኔ ለሁሉም ነገር ፊርማዬን አስቀምጣለሁ። ... ሁለቱም ልዑካን? በአንድ ድምፅ?

[ከአጥሩ ማዶ ጭብጨባ ተሰማ። ሁለቱ አገሮች አንድ ነገር ላይ ሲስማሙ የተሰማው ገና ዛሬ ነው።]

ኢንጂነር፦ ... ቦታውን? ቦታውን የሚያውቀው ያፈሰሰው ባልደረባዬ ነው። እኔ ገለልተኛ ስለሆንኩ ባልሰማው ይሻላል። እነሆ፣ እሱን ያናግሩት። [ስልኩን ለአማቹ ሰጠው] ንገራቸው።

አማች፦ ስም ልጥራ?

ኢንጂነር፦ ለነሱ ጥራ። እኔ እስከዚያው ውጭ ነኝ፤ ጠጉሬን ላበጥር። ፎቶ አንሺ ሳይኖራቸው አይቀርም።

[ወጣ። አማቹ መስኮቱን ዘጋ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ።]

አማች፦ አቤት ጌታዬ። ... አዎ፣ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ... ከጋራዡ ቀጥሎ ያለው ቪላ። ... በሩ ቢጫና ጥቁር ነው፤ የቦዩ መዝጊያ ሲቀባ ቀለም ተርፎ ነበር። ... የባለቤቱ ስም? [በሹክሹክታ ተናገረ] ... ኧረ አልቀለድኩም ጌታዬ። ... አዎ፣ እሳቸው ራሳቸው። ... አዎ፣ አሁን ያናገሩዎት። ... ቆሻሻው ግን ከማዶ በግፊት ወጥቶ ነው ይላሉ፤ በዳቦም አሳይተውኛል። ... ጠባቂ? ... እሺ፣ እነግራቸዋለሁ።

[ኢንጂነር ማበጠሪያውን እንደያዘ ተመለሰ። ፊቱ ላይ የምርቃት ቀን ፈገግታ አለ።]

ኢንጂነር፦ ነገርካቸው?

አማች፦ ነገርኳቸው።

ኢንጂነር፦ ምን አሉ?

አማች፦ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉ። ከዚያ «ትልቅ ሰው ነው» አሉ።

ኢንጂነር፦ እኔን ነው?

አማች፦ እርስዎን ነው። «ለሁለት አገር ሲል እንዲህ ያለ መሥዋዕትነት የከፈለ ሰው አይተን አናውቅም» አሉ።

ኢንጂነር፦ [እያበጠረ] እንግዲህ ሰው በቁሙ ሲመሰገን እንዲህ ነው። እዚህ ሽታ ውስጥ ቁጭ ብዬ መሥራቴን አይተዋል ማለት ነው። ለነገሩ ማዶ ስትሄድ ያ የድንበሩ በር ጠባቂ አላስቸገረህም?

አማች፦ ስሄድ አላስቸገረኝም። ስመለስ ነው ጣሳውን ከፍቶ ያየው።

ኢንጂነር፦ ባዶ ጣሳ ምን ያይለታል?

አማች፦ ባዶ አልነበረም። ሙሉ ነበር።

[ማበጠሪያው የኢንጂነር ራስ ላይ ቆመ።]

ኢንጂነር፦ ሙሉውን ይዘህ ተመለስክ?

አማች፦ ምን ላድርግ ጋሼ? ያሉኝን ዓይነት ቤት አጣሁ። በር እያንኳኳሁ «ቱቦዎ ቀጥታ ቦዩ ላይ ይለቃል?» ብዬ ያልጠየቅሁት የለም። ሁሉም ጉድጓድ አላቸው። ሲሞላ መኪና እየመጣ ይመጥላቸዋል። አንድ አዛውንትማ ያላመንኳቸው መስሏቸው ክዳኑን ከፍተው አሳዩኝ።

ኢንጂነር፦ አሳዩህ?

አማች፦ አሳዩኝ። «ልጄ፣ የራሳችንንማ ይኸው ቀብረናል፤ ከላይ የሚመጣውን የት እንቅበረው?» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ኳሱ ቦዩ ውስጥ ገብታበት ሊያወጣ ወርዶ፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ቆስሏል። ክዳኑን አብሬያቸው ገጠምኩና ወጣሁ።

[ኢንጂነር ማበጠሪያውን ከራሱ ላይ አወረደ። ያ እግር ከአማቹ ዓይን አልጠፋም ነበር፤ ከማለዳ ጀምሮ ሊናገረው የፈለገው አንዱ ነገር እሱ ነበር።]

ኢንጂነር፦ [ቀስ ብሎ] ታዲያ... ቀለሙን የት አፈሰስከው?

አማች፦ ስም ልጥራ?

ኢንጂነር፦ ጥራ።

አማች፦ ቋሚነቱ አይነካም?

ኢንጂነር፦ አይነካም፤ ጥራ ብያለሁ።

አማች፦ እየተመለስኩ ሳለ አንድ ቤት ትዝ አለኝ። ጉድጓድ የለውም፤ ቱቦው ቀጥታ ቦዩ ላይ ይለቃል። እንዴት አወቅህ አይሉኝም? ቱቦውን የቀበርኩት እኔ ነኝ። ያኔ «ጉድጓዱን የት ልቆፍረው ጋሼ?» ብልዎ፣ «ምን ጉድጓድ ያስፈልጋል፣ ቦዩ ላይ ልቀቀው። አጥሩን ካለፈ በኋላ የውጭ ጉዳይ ነው» አላሉኝም?

[ኢንጂነር ሊቀመጥ ወንበሩን በእጁ ፈለገ፤ ያገኘው ባልዲውን ነው። ተቀመጠበት። ወንበሩ ባዶ ሲሆን አማቹ ቆሞ መቅረት አልፈለገምና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።]

ኢንጂነር፦ ያቺ ሴትዮ...

አማች፦ እትዬ ናታ።

ኢንጂነር፦ እንቁላሉ...

አማች፦ የእርስዎ ነበር። ይቅርታ።

ኢንጂነር፦ ያ ወፍራሙ ሰውዬ...

አማች፦ ፎቶው ላይ ነው ጋሼ። በአካል ይሻላሉ።

ኢንጂነር፦ ለምን አልነገርከኝም?

አማች፦ ሳይንስ ስም አይጠራም ብለውኝ።

ኢንጂነር፦ [ባልዲው ላይ እየተቁነጠነጠ] አሁኑኑ ደውልላቸው። ቀለሙ እውነት እዚያ ተደፍቷል፤ ቆሻሻው ግን ከማዶ በግፊት ወጥቶ ነው እቤቴ የገባው በላቸው።

አማች፦ ብያቸዋለሁ። የዳቦውንም አልደበቅኋቸውም።

ኢንጂነር፦ ምን አሉ?

አማች፦ ተደሰቱ። የእርስዎ ግቢ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው ብለው ሰግተው ነበር። «ውሃው በራሱ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነማ ፓምፕ መግጠም አያስፈልገንም፤ ቦታው ይስማማናል» አሉ።

ኢንጂነር፦ አይወጣም በላቸው።

አማች፦ ማን?

ኢንጂነር፦ ውሃው። ውሃ ወደ ላይ አይወጣም። ወደ ታች ነው የሚፈሰው። ከኛ ወደ እነሱ ነው የሚፈሰው።

አማች፦ እሱንማ አዛውንቱም ነግረውኛል። ግን ቃለ ጉባኤው ላይ ሌላ ነው የተጻፈው። እርስዎ ነዎት ያስያዙት።

[ኢንጂነር ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ያን በረንዳ በዓይነ ኅሊናው አየው። ወንበሩን ያወጣበታል ያለው ቦታ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚሞቅበት ጥግ። አማቹን አሳዘነው፤ ግን የራሱም ጉዳይ አለበት።]

አማች፦ ጋሼ፣ የቋሚነቴ ነገርስ?

ኢንጂነር፦ ግቢዬ ሊቆፈር ነው፣ አንተ ስለ ቋሚነት ታወራለህ?

አማች፦ ለገንዳው ጠባቂ ይፈለጋል ብለዋል። የቤተሰብ ሰው ቢሆን ይመረጣል አሉ። እርስዎ አንዲት ቃል ቢያስገቡልኝ ብዬ ነው።

[ስልኩ እንደገና ጮኸ። ኢንጂነር አየው፤ «ቤት» ይላል። ወደ አማቹ ገፋው።]

ኢንጂነር፦ አንተ አንሣው። የለም በላት።

አማች፦ አቤት እትዬ። ... የሉም ብለዋል። ... እ። ... እሺ። ... እሺ፣ እነግራቸዋለሁ። [ስልኩን ዘጋው]

ኢንጂነር፦ ምን አለች?

አማች፦ መቆፈሪያው መኪና ገብቷል። የሁለቱንም አገር ባንዲራ ሰክተውበታል።

ኢንጂነር፦ የት ጋ ቆሞ ነው?

አማች፦ በረንዳው ሥር። ሲቆፍሩ ያ ቱቦ ተገኘና ተሰበረ። አሁን ግቢው ሌላ ነገር አይሸትም፤ የሁለቱም አገር እንግዶች አፍንጫቸውን ይዘው ቆመዋል።

ኢንጂነር፦ ለኔስ ምንም አላለች?

አማች፦ ብላለች። «ያ ሰውዬ ጫማውን አውልቆ ይግባና፣ ይሄ ሽታ የየትኛው አገር እንደሆነ ለእንግዶቹ ለይቶ ይንገራቸው» ነው ያለችው።